ንክሩማ «ነጻነት» ሲል የማንን ነጻነት ነው?

ባለጠመኔ

ሰላም ለቤቱ። ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ የክርክር ክበቡንም የያዝሁት እኔው ነኝ። በዚህ ሳምንት ስለ ጋናው የመጀመሪያ መሪ ለልጆቹ የሰጠሁት ርዕስ «ክዋሜ ንክሩማ የነጻነት ሰው ነው ወይስ የአንድነት?» የሚል ነበር። ቀላል መስሎኝ ነው። ሁለቱም ወገን ሞቅ ያለ ንግግር ያሰማል፣ ይጨበጨባል፣ ይደወላል፣ እንሄዳለን ብዬ።

«ነጻነት» ያለው ወገን የማርች 1957ን እኩለ ሌሊት ይዞ መጣ (ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አክራ፣ የፖሎ ሜዳ፣ ጎልድ ኮስት «ጋና» የተባለችበት ሌሊት። «አንድነት» ያለው ወገን ደግሞ 1963ን፣ የአፍሪካ መሪዎች የተሰበሰቡበትን አፍሪካ አዳራሽን። እስከዚህ ደህና ነበርን። ከዚያ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር ልጅ እጇን አወጣችና የ1958ቱን ሕግ አነሣች፤ መንግሥት የጠረጠረውን ሰው ፍርድ ቤት ሳያቀርብ እስከ 5 ዓመት እንዲያስር የሚፈቅደውን። «ታዲያ ነጻ የወጣው ማነው፣ መሬቱ?» አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ መልስ ስላልነበረኝ ሰሌዳ መጥረግ ጀመርሁ።

«ሥልጣን አበላሸው» ብዬ ልገላገል አስቤ ነበር። ግን ሕጉ ሲወጣ ጋና ነጻ ከወጣች ገና ዓመት ከመንፈቅ አልሞላትም፤ ለመበላሸት እንኳ ጊዜው ያንሳል። እንግዲህ ጥያቄዬ፦ በ1963 «ሉዓላዊነታችንን ቀንሰን ለአንድ የአፍሪካ መንግሥት እንስጥ» ብሎ የተሟገተው ሰውና በአገር ቤት ተቃዋሚውን ያለ ፍርድ ያሰረው ሰው፣ ሐሳባቸው አንድ ነው ወይስ ሁለት? ማክሰኞ መልስ ይዤ እመጣለሁ ብያቸዋለሁ፤ አደራ።

ሙግት ወዳድ

መምህር፣ ልጅቷን አድንቅልኝ፤ ግን ግማሹን ነው የነገረችህ። በ1955 ንክሩማ አክራ የሚኖርበት ቤት ላይ ቦምብ ፈንድቷል። በ1962 ሰሜን ጋና ውስጥ ኩሉንጉጉ በምትባል ቦታ የእጅ ቦምብ ተወርውሮበት ለጥቂት ነው የተረፈው፤ አጠገቡ የነበሩ ሰዎች ሞተዋል። በ1964 መጀመሪያ ደግሞ እንዲጠብቀው የቆመ ፖሊስ ራሱ ተኩሶበታል። ኮንጎን ጨምርበት፤ ነጻ በወጣች በ11 ቀኗ ካታንጋ የተባለች ክፍለ ሀገሯ ተገነጠለች፣ ወዳጁ፣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሉሙምባም በጃንዋሪ 1961 ተገደለ። ይህን ሁሉ ያየ ሰው የእስር ሕግ ቢያወጣ ምኑ ይገርማል? «መሬቱ ነው ወይ ነጻ የወጣው» ማለት ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀላል ነው።

ጡረተኛው ተርጓሚ

ባለጠመኔ፣ ጥያቄህ እንቅልፍ ነስቶኝ ነው የምጽፍልህ። ሥራዬ ትርጉም ነበር፤ በሥራዬ ምክንያት አክራ 4 ዓመት ኖሬያለሁ።

ያኔ ከአውሮፕላን ወርደህ የምትገባበት ማረፊያ በኮቶካ ስም ነበር የሚጠራው። ኮቶካ ማለት በፌብሩዋሪ 1966 ንክሩማን ከገለበጡት መኮንኖች አንዱ ነው። ወደ ከተማው ስትዘልቅ ሪንግ ሮድ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ ሁለት አደባባዮች ታገኛለህ። አንዱ የንክሩማ ነው፤ የትሮትሮ ረዳቶች (ትሮትሮ የእነሱ ሚኒባስ ታክሲ ነው) ሙሉ ስሙን የሚጠሩበት ጊዜ የላቸውም፤ ከመስኮት ወጥተው «ሰርክ! ሰርክ! ሰርክ!» ነው የሚሉህ። ሌላው የጄ.ቢ. ዳንኳ ነው፤ ለአገሪቱ «ጋና» የሚለውን ስም ያቀረበው፣ ኋላም በፌብሩዋሪ 1965 ንሳዋም እስር ቤት ውስጥ የሞተው ጠበቃ። እኔ ጠዋት ጠዋት ከታሳሪው አደባባይ ተሳፍሬ አሳሪው አደባባይ እወርድ ነበር። የገለበጠው፣ የተገለበጠውና የታሰረው በአንድ ከተማ ስማቸው ይጠራል፤ ረዳቱ ለሁሉም እኩል ሒሳብ ይቀበላል።

አሁን ወደ ነገሩ። ሙግት ወዳድ፣ ያነሣኸው ሁሉ እውነት ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን አያስኬድህም። ሕጉ የወጣው በጁላይ 1958 ነው። ኮንጎም ኩሉንጉጉም ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ከሕጉ በፊት የነበረው የ1955ቱ ቦምብ ነው፤ እሱን ያመጣው ደግሞ በአሳንቴዎች ዋና ከተማ በኩማሲ የተነሣው ጠብ ነው። ስለዚህ ባለጠመኔ፣ የአዲስ አበባውን ንግግር ለጊዜው አጥፈህ አስቀምጥና መጀመሪያ ኩማሲ ሂድ።

ነገሩ የተነሣው በካካዎ ነው። በ1954 ጋና ገና በእንግሊዝ ሥር ሆና፣ ንክሩማ ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ፣ መንግሥቱ ለገበሬው የሚከፈለውን ዋጋ በአንድ ሸክም 72 ሺሊንግ ብቻ እንዲሆን ወሰነው። ሸክሙ 60 ፓውንድ፣ ወደ 27 ኪሎ ግድም ነው። የዓለም ገበያ ዋጋ ያን ጊዜ ከዚያ በጣም የላቀ ነበር፤ ትርፉ ለአገር ልማት ይውላል ተባለ። ካካዎው በብዛት የሚበቅለው ደግሞ አሳንቴ ምድር ነው። ኩማሲ ያደርሁበት ቤት ባለቤት፣ ሽማግሌ ሰው፣ ስለ ካካዎ ጭራሽ ሳልጠይቃቸው «ሰባ ሁለት» ብለው ነው የጀመሩልኝ፤ እኛ ዘንድ «ስድሳ ስድስት» ስትል ሌላ ማብራሪያ እንደማያስፈልገው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የአሳንቴው ንጉሥ አፈ ንጉሥ የነበሩት ባፉር ኦሴይ አኮቶ የሚመሩት ንቅናቄ ተቋቋመ። ጥያቄው ፌዴሬሽን ነበር።

ንክሩማ እንቢ አለ። የእንቢታውን ምክንያት ልብ ብለህ ስማ፤ ኋላ አዲስ አበባ የሚያመጣውም ይህንኑ ነው። ሐሳቡን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው፦ ትንሽ አገር በክፍል በክፍል ከቆረስኻት ክፍሎቹ ሁሉ የየራሳቸውን ወዳጅ ፍለጋ ወደ ውጭ ያያሉ፤ በፊት በር የሸኘኸው እንግሊዝ በጓሮ በር ይመለሳል። እንግሊዞቹ ምርጫ ካልተደረገ አሉ፤ በጁላይ 1956 ተደረገ፤ የንክሩማ ፓርቲ ከ104 መቀመጫ 71 አገኘ። ለክልሎቹ ማካካሻ እንዲሆኑ የታሰቡት ምክር ቤቶችም ብዙ ሳይቆዩ ፈረሱ። በ1957 መጨረሻ በጎሣ፣ በአካባቢና በሃይማኖት ፓርቲ ማቋቋም የሚከለክል ሕግ ወጣ። ከዚያ የእስሩ ሕግ።

አሁን ንግግሩን ዘርጋው። ሜይ 1963፣ አፍሪካ አዳራሽ፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ብርሃኑን በሚያፈስበት ሕንፃ። ንክሩማ ምን ጠየቀ? የጋራ መከላከያ፣ የጋራ የውጭ ፖሊሲ፣ የጋራ ገንዘብ፣ አንድ የኅብረት መንግሥት። ዋና ከተማውን እንኳ ባንጊ ወይም ሊዮፖልድቪል ይሁን ብሎ ነበር። ምክንያቱስ? ተቆራርሰን ከቀረን በየተራ ይገዙናል። ኩማሲ ላይ ያለው ነው! ሰፍቶ አህጉር አከለ እንጂ ሌላ አልሆነም። ስለዚህ ለኔ ሐሳቡ አንድ ነው። ለአሳንቴ «ከጋና ውጭ ትንሽ ነሽ» አለ፤ ለጋና ደግሞ «ከአፍሪካ ውጭ ትንሽ ነሽ»። ይህን ሁለተኛውን በራሱ አገር ላይ መጨከኑን አክብርለት፤ ሥልጣኑን ወደ ላይ ለማስረከብ ዝግጁ የሆነ መሪ ብዙ አላየንም። ወደ ታች ለማካፈል ግን አንድ ቀን እሺ አላለም።

የሰው ነጻነት የት ገባ ላልሽው ልጅ (ለልጅቷ ንገርልኝ)፦ ንክሩማ የሚወዳት አንዲት አባባል ነበረችው። አስቀድማችሁ የፖለቲካውን መንግሥት ፈልጉ፣ ሌላው ሁሉ ይጨመርላችኋል። ከማቴዎስ ወንጌል ቃሉን ተበድሮ ነው፤ ሚስዮን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው አይደል። ያ «ሌላው ሁሉ» የሚለው ውስጥ ትምህርት ቤቱ አለ፣ መብራቱ አለ፣ የግለሰቡም መብት እዚያው ውስጥ ነው። ወረፋ ተሰጥቶታል። ከአገር ነጻነት በኋላ፣ ከዚያም ከአህጉር አንድነት በኋላ። ወረፋው ሳይደርሰው 1966 ደረሰ። የፓርቲው ሰዎች ሰላምታ ሲለዋወጡ እጃቸውን አንሥተው «ፍሪደም!» ነበር የሚባባሉት፤ እኛም «ነጻነት» ብለን የአገርንም የሰውንም በአንድ ቃል ስለምንጠራ፣ ይህን ሰው ስንተረጉም ሁለቱን ሳናውቀው እንቀላቅላለን። እኔ ስንት ጊዜ እንደተሳሳትሁ!

ሰምበሌጥ

ጋሼ ተርጓሚ፣ በጣም ደስ ይላል ጽሑፍዎ፤ ግን አንድ ትልቅ ነገር ዘለሉብን። ሕግ ነው ያጠናሁት፤ በሦስተኛ ዓመት በዚያ የእስር ሕግ ላይ የቀረበውን የፍርድ ቤት መዝገብ ሳነብ ያደርሁበትን ሌሊት አልረሳውም።

የ1960ውን የጋና ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንሡ። አንቀጽ 2 ላይ ምን ይላል? የአፍሪካ ኅብረት በቅርብ እንደሚመጣ በመተማመን፣ የጋናን ሉዓላዊነት በሙሉም ሆነ በከፊል ለማስረከብ ፓርላማው ሥልጣን ተሰጥቶታል። እንዲህ የሚል ሕገ መንግሥት አስቡት። አገር ገና በሦስት ዓመቷ «ልሟሟ ዝግጁ ነኝ» ብላ በሕግ ስትጽፍ!

እዚያው ሰነድ ውስጥ አንቀጽ 13 አለ። ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ሲይዝ በአደባባይ የሚያረጋግጣቸው መርሖች ናቸው፦ ማንም ሰው የመናገር፣ የማምለክ፣ የመሰብሰብ፣ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብቱን አይነፈግም። በዚሁ አንቀጽ ለአፍሪካ ኅብረት መታገልም ተዘርዝሯል። ነጻነትና አንድነት ትከሻ ለትከሻ፣ በአንድ መሐላ ውስጥ።

አሁን መዝገቡ። እርስዎ ያነሧቸው አኮቶ ከሌሎች 7 ሰዎች ጋር በኖቬምበር 1959 ታሰሩ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጠበቃቸው ዳንኳ ነበሩ፤ አዎ፣ የአደባባዩ ዳንኳ። ክርክራቸው ባጭሩ፦ የእስሩ ሕግ ከአንቀጽ 13 ጋር ይጣረሳል፣ ስለዚህ ይውደቅ። በኦገስት 1961 ፍርድ ቤቱ ምን አለ? አንቀጽ 13 የእንግሊዝ ንግሥት ዘውድ ስትጭን እንደምትምለው መሐላ ነው፤ የኅሊና ግዴታ እንጂ በፍርድ ቤት የሚያስከስስ አይደለም። ፕሬዚዳንቱ ቃሉን ካጠፈ ሕዝቡ በምርጫ ይቅጣው።

ከወር ትንሽ በላይ ቆይቶ፣ በኦክቶበር መጀመሪያ፣ ጠበቃው ራሳቸው በተከራከሩበት ሕግ ታሰሩ።

ይህን ውሳኔ የጻፈው ፍርድ ቤት ሰብሳቢ ሰር አርኩ ኮርሳ ነበሩ። የኩሉንጉጉን ቦምብ ጉዳይ ሲዳኙ ከተከሳሾቹ ሦስቱን ነጻ አወጡ፤ በዲሴምበር 1963 ንክሩማ ከሥልጣናቸው አነሣቸው። «ምርጫ ይቅጣው» ያሉት ነገር ደግሞ በጃንዋሪ 1964 በሕዝበ ውሳኔ አገሪቱ ባለ አንድ ፓርቲ ስትሆን አበቃለት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሉዓላዊነትን የማስረከቡ አንቀጽ እውነተኛ ሥልጣን ነው፣ ፓርላማው ነገ ሊሠራበት ይችላል። የሰው መብት አንቀጽ ግን ምኞት ሆነ። ሁለቱንም አንድ እጅ ነው የጻፋቸው። ጋሼ «ወረፋ» ያሉት ነገር እዚህ በቁጥር በአንቀጽ ይታያል።

ሙግት ወዳድ

እሺ፣ የቅደም ተከተሉን ተሸንፌያለሁ፤ ሕጉ ከኮንጎ በፊት ነው። ግን ሰውየውን የወረቀት ሰው አታድርጉት። በኖቬምበር 1958 ፈረንሳይ ጊኒን ባዶ እጇን ትታ ስትወጣ፣ ንክሩማ ከጊኒው መሪ ከሴኩ ቱሬ ጋር ኅብረት መሠረትን ብሎ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ነው ቃል የገባው። በዚያን ጊዜ ለጋና ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ኋላ ማሊም ገባችበት። በ1966 ሲገለበጥ የተቀበለው ያው ቱሬ ነው፤ ኮናክሪ ወስዶ የክብር ተባባሪ ፕሬዚዳንት አደረገው። አንድነት ብሎ የተናገረውን በኪሱ ከፍሎበታል።

በሌላ በኩል ደግሞ (ራሴን ልሙገት እንግዲህ) ያ የጋና፣ ጊኒና ማሊ ኅብረት አንድ ቀን የጋራ ፓርላማ ሳያይ ከሰመ። «ደረጃ በደረጃ» እያለ ንክሩማን ያሰለቸው የታንጋኒካው መሪ ኔሬሬ ግን በኤፕሪል 1964 ታንጋኒካንና ዛንዚባርን አዋሐደ፤ እስከ ዛሬ አለ። ኔሬሬ በ1960 የምሥራቅ አፍሪካ ፌዴሬሽን የሚመጣ ከሆነ የአገሬን ነጻነት ላዘገይ እችላለሁ ያለ ሰው ነው። ንክሩማ ያንን ፌዴሬሽን ምን አለው? አካባቢያዊ ስብስብ መከፋፈልን በትልቁ መድገም ነው ብሎ ተቃወመው! እንግዲህ ጋሼ፣ ኩማሲ ላይ ያለውን ናይሮቢ ላይም ደገመው ማለት ነው፤ ወይ ሙሉው ወይ ምንም።

ጡረተኛው ተርጓሚ

እህቴ ሰምበሌጥ፣ እጅ ነሥቻለሁ። አንቀጽ 13ን አውቀው ነበር፤ ጠበቃው ዳንኳ መሆናቸውን ግን ረስቼ ኖሯል። በየቀኑ በሐውልታቸው ሥር አልፌ!

ሙግት ወዳድ ያልኸው «ወይ ሙሉው ወይ ምንም» አዲስ አበባም ላይ ጎድቶታል። በ1963 ጃንዋሪ የቶጎው ፕሬዚዳንት ኦሊምፒዮ ተገደለ፤ በሜዩ ጉባኤ የቶጎ ወንበር ባዶ ነበር። ኦሊምፒዮና ንክሩማ በድንበር ጉዳይ ዓይንና ናጫ ነበሩ፤ ብዙ ጎረቤት በጥርጣሬ ያየው ጀምሮ ነበር። 32 አገሮች የፈረሙበት ቻርተር ውስጥ የፖለቲካ ግድያንና ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ የሚሸርበውን ሴራ የሚያወግዝ አንቀጽ የገባው እንዲያው ለጌጥ አይደለም። ጃንሆይና አብዛኞቹ የፈለጉትን አገኙ፦ ሉዓላዊነቱ እንደተጠበቀ፣ በውስጥ ጉዳይ ጣልቃ ሳይገባባ የሚሰበሰብ ድርጅት።

የስሙ ነገር ደግሞ እኔን ሁልጊዜ ያስቀኛል። በአማርኛ «የአፍሪካ አንድነት ድርጅት» አልነው። «አንድነት» ከባድ ቃል ነው፤ አንድ መሆን ነው። ንክሩማ የጠየቀው ያንን ነበር፤ የተሰጠው ስሙ ነው። በ2002 «ኅብረት» ሲባል በኛ ጆሮ ላላ፣ በእንግሊዝኛው ግን ጠበቀ። አዲስ አበባ በኅብረቱ ዋና መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ደግሞ በ2012 የንክሩማን ሐውልት አቆሙለት።

ባለጠመኔ

ጋሼ፣ እህት ሰምበሌጥ፣ ሙግት ወዳድ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማክሰኞ አለፈ፤ ወሬውን ላድርስ።

ርዕሱን ጣልሁት። በምትኩ ክፍሉን ፍርድ ቤት አደረግሁት፤ የኦገስት 1961ን ችሎት። ያቺ ልጅ «ዳንኳን እኔ ነኝ» ብላ ቀድማ ያዘች። ለመንግሥት የቆመው ልጅ ደግሞ አንቀጽ 2ን አንሥቶ «አገሩን እንኳ ለአፍሪካ የሚሰጥ ሰው እንዴት አምባገነን ትሉታላችሁ?» ሲል ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጅቷ ምን ብትል ጥሩ ነው? «የሚሰጠውን ሰዎቹን ጠይቋል?» ከዳኞቹ ሦስቱ ለመንግሥት፣ ሁለቱ ለዳንኳ ፈረዱ። በታሪክ የሆነውን ስነግራቸው፣ ለመንግሥት ከፈረዱት አንዱ ድምፄን ልመልስ አለ። አይመለስም አልሁት።

አንድ ችግር ገጥሞኛል ግን። አንቀጽ 2ን በአማርኛ ስጽፍላቸው ሉዓላዊነትን «አሳልፎ መስጠት» ብዬ ነበር። አንዱ ተነሥቶ «መምህር፣ ይሄማ ክህደት ነው» አለኝ። ምን ልበለው?

ጡረተኛው ተርጓሚ

ልጁ ልክ ነው። «አሳልፎ መስጠት» ስትል ይሁዳ ነው የሚመጣብህ። «መተው» ብትል ደግሞ የጣለው ይመስላል። እኔ «ማስረከብ» እላለሁ፤ ሰምበሌጥም ሳታስበው ያንኑ ብላለች። መጋዘን ጠባቂ ቆጥሮ ተረክቦ ቆጥሮ እንደሚያስረክበው ማለት ነው።

ሰምበሌጥ

ጋሼ፣ ማስረከብ ካሉማ ተረካቢ ያስፈልጋል፤ በ1960 ደግሞ ተረካቢው ገና አልተመሠረተም።

ጡረተኛው ተርጓሚ

ስለዚህ ነው አንቀጹ «በመተማመን» ብሎ የሚጀምረው። ባለጠመኔ፣ ስትገለብጥ ያቺን ቃል እንዳትዘላት።